የፊናው ዘይት

«እናትየው ናት፤ ሌላ ማን ይሆናል? ደርባ ነው የምትሰጣት» ስትል ነርሷን ሎሴ ሰማቻት። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሎሴ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋለች። «ሰማያዊውንና ሮዙን ክኒን ትቀላቅለዋለች። ማንበቡ ይከብዳቸዋል መሰለኝ። ደግሞ አይጠይቁም፣ ዝም ብለው እሺ እሺ ነው» ቀጠለች ነርሷ። ሐኪሙ ምን እንደመለሰላት አልተሰማም። ላታይ ከእናቷ አጠገብ በአንድ እጇ አፍንጫዋን በሶፍት ይዛ፣ በሌላው ስልኳን ትነካካለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ስለሰካች አልሰማችም፤ ባለመስማቷም ሎሴ አምላኳን አመሰገነች።

በሩን በርግዳ መግባት ነበረባት። እኔ እኮ አገሬ ቶንጋ፣ ኑኩአሎፋ ተማሪ ቤት እያለሁ በእንግሊዝኛ ድርሰት የተሸለምኩ ሰው ነኝ፤ ክኒኑን መብራት ሥር አስቀምጬ ደግሜ ሳላይ ለልጄ ሰጥቼ አላውቅም፤ የጎደሬ ቅጠል እንኳ ደሟን እንዳያዛባው በየእሑዱ በልክ ነው የምቀቅለው ማለት ነበረባት። ግን ሌሊቱን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለው ወጥ ቤት ቆማ የመንገደኞች ምግብ ስትደረድር አድራ፣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ነው የመጣችው። እግሯ አብጦ ጫማው አልበቃው ብሏል። ቁጣም ጉልበት ይጠይቃል፤ ሎሴ ደግሞ ያላትን ጉልበት ለአውቶቡሱ መንገድ ነው ያስቀመጠችው። ስለዚህ ዝም አለች፤ ነርሷ የምታማቸው ሰዎች ዝም እንደሚሉት ዓይነት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላታይ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ሲያማት ጉንፋን ነው ተብሎ ታለፈ። በሽታው ግን ከጉሮሮ ወደ ልብ ወርዶ አንዱን የልቧን በር ሲበላ ኖረ። ከቶንጋ የመጡ ሰዎች በሚበዙበት በማንገሬ ሰፈር ይኼ ያልደረሰበት ቤት ብዙ አይገኝም። ዘንድሮ ደረቷ ተከፍቶ በተበላው ፋንታ የብረት በር ገባላት፤ ከዚያ ወዲህ ደም ማቅጠኛ ክኒን የዕድሜ ልክ ጓደኛዋ ሆነ። ደሟ ከወፈረ ብረቱ ላይ ይረጋል፤ ከቀጠነ ደግሞ የት እንደሚፈስ አይታወቅም። ቀጥኖም መከራ፣ ወፍሮም መከራ። የቅጥነቱ ቁጥር ሦስት አካባቢ መሆን ሲገባው ዛሬ ስድስትን አልፎ ተገኘ። ጭኗ ላይ የበለዘ ነገር ወጥቷል፤ ሌሊቱን አፍንጫዋ ሲደማ አድሯል።

ነርሷ ወጣች፤ ለሕፃናት በሚቀመጥ ለስላሳ ድምፅም ታስረዳ ጀመር። ክኒኑ እስከ ሰኞ ይቁም፤ ሰኞ ደሟ እንደገና ይታይ፤ አፍንጫዋ አልቆም ካለ ወይም ራሷን ከተመታች ግን በቀጥታ ሆስፒታል። «ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ክኒኑን የምትሰጣት ነርስ እቤት ድረስ ትመጣለች። ለእርስዎም ቀለል እንዲልልዎት ብለን ነው» አለች። ሎሴ የልጇ ክኒን ከእጇ እየተነጠቀ መሆኑ ገባት። «ሌላ መድኃኒት ትወስዳለች? የባህል መድኃኒት፣ የሚጠጣ ቅጠል ነገር?» ስትል ጠየቀች ነርሷ።

«ምንም አትወስድም» አለች ሎሴ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጅሽን ጫኚ ቢሏትም ትጭን ነበር።

መድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ከክሊኒኩ ሦስት ሱቅ አልፎ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ነው። ባለቤቱ ፕራኔሽ የፊጂ ሕንድ ነው፤ ደንበኛ ሳይቀልድበት አያሳልፍም። ላታይ ገና ከመግባቷ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ አሸተተ። «ዛሬ ደግሞ ምን ተለቅልቀሽ ነው የመጣሽው? ሱቄን ማስቲካ ፋብሪካ አደረግሽው እኮ!» ላታይ ሳቀች። «አክስቴ ናት። አሮማቴራፒ ነው፣ መዓዛ ባለው ዘይት ማከም፤ ሠልጥናበታለች፤ ትቀልዳለህ አንተ!» ፕራኔሽ ግን አልሳቀም። ከክሊኒኩ ወረቀት ላይ የዛሬውን ቁጥር አየ፣ ላታይን አየ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶም ወደ ሎሴ ተጠጋ።

«በየስንት ጊዜው ነው የምትቀባት?»

«ማታ ማታ። ጀርባዋን፣ ትከሻዋን፣ እግሯን ታሽላታለች። የኮኮናት ዘይት እኮ ነው» አለች ሎሴ።

«ኮኮናት እንዲህ አይሸትም፣ እማማ። ዊንተርግሪን የሚባል ቅጠል አለ፤ ዘይቱን ለጡንቻ ሕመም ይቀቡታል። ውስጡ ያለው ነገር የአስፕሪን ወንድም ነው። እሷ ከምትውጠው ክኒን ጋር ሲገናኝ ደሟን ውኃ ያደርገዋል።»

«ሳትጠጣው? በቆዳ ብቻ?»

«በቆዳ የማይገባ ቢሆንማ ማን ይቀባው ነበር?» አለ ፕራኔሽ። «እቤት ስትደርሺ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በስልክ አንብቢልኝ።»

ሎሴ አውቶቡስ ውስጥ ስታስበው የሚያስቅም የሚያስለቅስም ሆነባት። መድኃኒት ትወስዳለች ወይ ብለው በጠየቋት ቁጥር የለም ያለችው ዋሽታ አይደለም። ዘይትን ማን መድኃኒት ይለዋል? የቶንጋ ልጅ ጡት ሳይቀምስ ዘይት ይቀባል፤ ሲዳርም፣ ሲሞትም ይቀባል። ልጅሽን ዘይት ትቀቢያታለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ገላዋን ታጥቢያታለሽ ወይ እንደማለት ስለሆነ የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቋትም እንደ ስድብ በቆጠረችው ነበር።

ጠርሙሱ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጧል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ የፊናው የምስክር ወረቀት በወርቃማ ክፈፍ ተሰቅሏል። ፊናው የባሏ የሴሚሲ ታላቅ እህት ናት። በሰፈሩ አዳራሽ ሁለት ቅዳሜ ተምራ ወረቀቱን ስታገኝ ራሷ ቤት አልሰቀለችውም፤ ክብሯ ያለው ወንድሟ ቤት ነውና እዚህ አምጥታ ሰቀለችው። የአባት እህት ማለት ለወንድሟ ልጆች ከአባትም ከእናትም በላይ ናት። ስማቸውን የምታወጣ እሷ፣ ሠርጋቸው ላይ ከፍ ብላ የምትቀመጥ እሷ፣ የፈለገችውን ከቤቱ አንስታ የምትሄድ እሷ። ማቀዝቀዣው ቢያምራት ሴሚሲ ምግቡን ያወጣና ገመድ ያቀብላታል። የወንድም ሚስት ደግሞ በዚህ ሁሉ መሐል ወንበር ሲጎድል መሬት የምትቀመጠው ናት። ሎሴ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ለፕራኔሽ በስልክ አነበበችለት፤ ኮኮናት፣ ዊንተርግሪን፣ ቅርንፉድ። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ልብ ተሥሏል።

«እሱ ነው። አሁኑኑ በሳሙና ትታጠብ። ከዚህ በኋላ ጠብታ እንዳይነካት፤ ለክሊኒኩም እኔ እደውላለሁ» አለ ፕራኔሽ። ሎሴ ሌላ ዘይትስ አለችው፤ ልጅቷ ካልታሸች እንቅልፍ የላትም። «ደሟ እስኪስተካከል መታሸቱ ራሱ ይቅር፤ በትንሽ ነገር ነው የምትበልዘው። ከዚያ በኋላ ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ዘይት፣ በቀስታ። ሽታ ያለው አዲስ ነገር ስታገኙ ግን፣ ቅባትም ይሁን ቤት የሚታጠን፣ መጀመሪያ እኔን ጠይቁኝ። ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ አይጎዳም ያላችሁን አትመኑ።»

ሴሚሲ ከጋራዡ ሲገባ ነገረችው። ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ጠርሙሱን አንስቶ አየና መልሶ በጥንቃቄ አስቀመጠው። «ንገራት» አለችው። «እኔ?» አለ። «እህቴ እኮ ናት፣ ሎሴ። ስለ ልጅቷ ገላ እኔና እሷ ልናወራ?» እውነቱን ነው። ወንድምና እህት እንዲህ ያለ ነገር አያወሩም፤ እሷ ሳሎን ስትገባ እሱ ወደ ጋራዥ የሚወጣውም ለዚሁ ነው። አምሳ ዓመት ያከበራትን እህቱን ልጄን እየጎዳሽ ነው ከሚላት ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። አንገቱን አከከ። ከዚያም ወጥቶ ባለፈው የታጨደውን ሣር እንደገና ያጭድ ጀመር። ሎሴ በመስኮት እያየችው አላዘነችበትም፤ ሰው የሚያዝነው ባልጠበቀው ነገር ነው። ድካሟ ላይ አንድ ድካም ተጨመረ እንጂ።

ላታይ ታጥባ ወጥታ ጸጉሯን እያደረቀች አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ሎሴ ለአክስቷ ልትነግር እንደምትሄድ ስትነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ተዪያት እማዬ፣ ትቀየማለች። እንዳልቀባ ሰበብ ፈጥሬ ራሴ አታልላታለሁ።» እንደማታታልላት ሁለቱም ያውቃሉ፤ አክስት እጇን ስትዘረጋ እምቢ ያለ የወንድም ልጅ አልተወለደም። ፎጣውን አልጋው ላይ ጥላ ደግሞ «እሷ እኮ አትፈራኝም» አለች ላታይ። «አንቺ ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ነክተሽኝ አታውቂም። ክኒን ትሰጪኛለሽ፣ ምግብ ትሰጪኛለሽ፣ ከሩቅ ታዪኛለሽ። እንደ ዕንቁላል።» የላታይ ደረት ላይ ያለውን ረጅም ጠባሳ ካየች ወዲህ የሎሴ እጅ እየሰነፈ፣ ወደ ልጇ እየተዘረጋ ከመንገድ እንደሚመለስ ታውቀዋለች። ሌላ ሰው ያየባት ግን አይመስላትም ነበር።

ፊናው ቤት ሁለት መንገድ አቋርጦ ነው። ሎሴ እየሄደች ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ነርሷ ናት። ባለመድኃኒት ቤቱ እንደደወለ፣ ችግሩ በመታወቁ እንደተደሰተች፣ እቤት የምትመጣዋ ነርስም እንደማታስፈልግ ነገረቻት። «ለወደፊቱ ግን እማማ፣ የምትጠቀሙበትን ሁሉ ብትነግሩን ጥሩ ነው» አለች። ጠዋት ስለተባለው ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ እንደተሰማች የት ታውቃለች! ሎሴ እሺ አለችና ስልኩን ዘጋች። ጥፋቱ ከእጇ ወጥቶ መልሶ አፏ ላይ ተቀመጠ።

ፊናው ሶፋዋ ላይ ተንሰራፍታ ለቤተ ክርስቲያን ባዛር የሚሸጡ ጠርሙሶች ላይ ሪባን ታስራለች። ክፍሉ ያንኑ ማስቲካ ማስቲካ ይሸታል። ሎሴ ጫማዋን አወለቀች፤ ምንጣፉ ላይ ከፊናው እግር በታች ቁጭ አለች።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ? አልተኛሽም እንዴ?»

«አልተኛሁም እትዬ።»

«ልጄስ?»

«ስትደማ አደረች። ደሟ ከልክ በላይ ቀጥኗል።»

«ክኒኑ ነዋ! ብዬሻለሁ እኮ፣ መርዝ ነው። ማታ መጥቼ በደንብ አሻታለሁ» አለች ፊናው፣ ሪባኑን በጥርሷ እየበጠሰች።

«ዘይቱ ነው እትዬ» አለች ሎሴ።

«የቱ ዘይት?»

«የእርስዎ።»

ነገረቻት። ፕራኔሽ ያለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ ነገረቻት። ፊናው ሪባኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «የግማሹን ምዕመን ወገብ ያቀናሁት በዚህ ዘይት ነው። ቄሱ ራሳቸው ይቀቡታል። ማን ሞተብኝ?»

«የእነሱ ልብ ውስጥ ብረት የለም፤ ክኒኑንም አይወስዱም።»

«የወንድምሽን ልጅ እየገደልሽ ነው ነው የምትይኝ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አልሽ?» ፊናው ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «እስቲ ልጠይቅሽ። ሲድኒ ወንድም አለሽ፤ እዚያ ስትሄጂ አንቺም እንደኔ ነሽ። የወንድምሽ ሚስት እግርሽ ሥር ቁጭ ብላ እንዲህ ብትልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ሎሴ ልትዋሽ አሰበች። የወንድሟ ሚስት አልጋዋን ለቃላት መሬት የምትተኛ ሴት ናት፤ ሎሴም አንድ ቀን እንኳ አይ አንቺ ተኚበት ብላት አታውቅም። «ሁለተኛ ቤቷን አልረግጥም ነበር» አለች።

«እንግዲያው ከእኔ ምን ጠብቀሽ መጣሽ?»

«ምንም። ልጄ እንዳትሞት ነው የምፈልገው። ከዚያ በኋላ ቤቴን ባይረግጡ ይከፋኛል፤ ሴሚሲም ይሰበራል። ግን እችለዋለሁ።»

በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ፊናው ፊት «ልጄ» ያለችው ያኔ ነው፤ ልጄ ማለት የአክስትየዋ መብት ነበር። ውጭ መኪና አለፈ፣ ውሻ ጮኸ። ፊናው ሪባኑን መልሳ አነሳች። «ሂጂ ተኚ» አለች፤ ይኼ ይቅርታ ይሁን ማባረር ሎሴ አላወቀችም።

አልተኛችም። ልብስ አጠበች፣ ድንች ላጠች፣ የሌሊት ፈረቃዋን ለአንዲት ባልደረባዋ ለወጠች። ሴሚሲ ሁለት ጊዜ መጥቶ «እመጣለሁ አለች?» ብሎ ጠየቃት፤ ሁለቴም አላውቅም አለችው። የማታው ጸሎት ሰዓት ሲደርስ ሦስቱ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሴሚሲ መዝሙሩን ሲያነሳ ድምፁ ተሰነጠቀበት፤ ከአሁን በኋላ እህት የሌለው ሰው እንደሆነ የተሰማው ይመስላል። ሎሴም አብራው ዘመረች። ከአሜን በኋላ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ፊናው በር አንኳኩታ አታውቅም።

የዘይት ቦርሳዋን አልያዘችም። ሴሚሲ እንደ ልማዱ ወደ ጋራዥ ሊወጣ ሲነሳ «ቁጭ በል» አለችው፤ ዓይኑን መሬት ተክሎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ፊናው ቦታዋን ያዘች፤ ሰውነቷ ሶፋውን ሞላው። ላታይ ጥቂት አመነታችና እንደየማታው እግሯን ዘርግታ አክስቷ ጭን ላይ አስቀመጠች። «ያለ ዘይትም ቢሆን እሺኝ» አለቻት። የፊናው እጆች ከፍ ብለው አየር ላይ ቆሙ።

«እናትሽን ጠይቂ» አለች።

ሎሴ የሰማችውን ማመን አቃታት። በዚያ ቤት ፊናው ፈቃድ ስትጠይቅ ያየ የለም፤ ጠያቂ ከሌለ ደግሞ መልሱንም የተለማመደ የለም። እሺ ብትል ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሴሚሲም ቀና ይላል። አንድ ማታ በባዶ እጅ ቢሆን ምን ይላታል? ግን የልጅቷ ጭን ላይ ያለው ብልዝ ከቀሚሷ ጫፍ ሥር ይታያል።

«ዛሬ አይሆንም እትዬ» አለች። «ሰኞ ደሟ ይታይና።»

ፊናው ሎሴን አየቻት፤ ብዙ አየቻት።

«እሺ» አለችና የላታይን እግር ከጭኗ ላይ በቀስታ አወረደች።

ላታይ ማልቀስ ጀመረች። እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ታዲያ ማን ሊነካኝ ነው? ሁላችሁም ልትፈሩኝ ነው?»

ፊናው ወደ ሎሴ ዞረች። «አንቺስ? እጅ የለሽም?»

«እፈራለሁ» አለች ሎሴ። ከሰው ፊት ብላው አታውቅም። «የምሰብራት ይመስለኛል።»

«እኔ የማልፈራ መስሎሻል? በየማታው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ዘይቱን ያበዛሁት እንዳይታወቅብኝ ነው።» ፊናው ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና ቀና አለች። «ነይ። ማሸት የለም፣ መጫን የለም። ዝም ብለሽ ያዣት።»

ሎሴ ምንጣፉ ላይ ተንፏቃ ቀረበች። የልጇን እግር በሁለት እጇ ያዘች። ቀዝቃዛ ይሆናል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ ሞቃት ነው። ላታይ ለቅሶዋን ገታች። ሎሴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አልመጣም ያላት እንባ ከየት መጣ ሳትለው መጣ፤ ሁለት እጇ ተይዟልና ሳትጠርገው ተወችው።

«ላላ አድርጊ» አለች ፊናው ከላይ ሆና። «አታመልጥሽም።»

ሎሴ ላላ አደረገች።